ባለ ሦስት ዓይኑ እብነ በረድ

የሚት ሸዋር ከተማ ነዋሪዎች ሆይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሰው፣ የሚዋደዱ ከሆነ ደግሞ አራት ሰው የሚያስቀምጠው የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ወንበር በከተማዋ ሹም በክቡር ሻኪር ቤይ እጅ ተመርቆ ለአገልግሎት ክፍት ይሆናል። ከምረቃው በፊት ወንበሩ ላይ መቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ማስታወቂያው በመስጊዱ አጥር፣ በዳቦ ቤቱ በርና በራሱ በወንበሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ከወንበሩ አጠገብ በቀይ መጋረጃ የተሸፈነ የእብነ በረድ ሰሌዳ ቆሟል። ራጋይ ጭንቅላቱን ከመጋረጃው ስር ቀብሮ፣ ስልኩን ወደ ድንጋዩ እንዳነጣጠረ ደርቆ ቀርቷል። ከስልኩ የሚወጣው የራሱ ድምፅ ነበር።

«እህም... እህም... እህም... ሕዝቤ ሆይ፣ ይህን የፍሳሽ ክዳን ስመርቅላችሁ፣ እናቴ ብትኖር ኖሮ ትኮራብኝ ነበር...»

በአውራ ጣቱ አፈነው። 

ራጋይ የማዘጋጃ ቤቱ የሥዕልና የጽሑፍ ሠራተኛ ነው። ለዚህ ሰሌዳ ሲል ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ስልክ የሚያነበውን የነጠብጣብ ምስል፣ ኪውአር ኮድን፣ በሚያስጌጥ አንድ ሶፍትዌር ላይ ተደፍቶ ከርሟል። ሻኪር ቤይ ተራውን ኮድ «የጋዜጣ እንቆቅልሽ» ብለው ስለናቁት ነጥቦቹን የሎተስ ቅጠል አስመሰላቸው፤ መሐሉ ላይ የከተማዋን አርማ አስቀመጠ። ሰባት ጊዜ «አርማው ይደግ» ተባለ። እሱም ሰባት ጊዜ በፀጉር ስፋት ብቻ እያሳደገ «አድጓል» አለ። ስልኩን ያነጣጠረበት ሁሉ የሹሙን የሕይወት ታሪክ እንዲያነብ ነበር የታሰበው። ቅርጹን ሲሞክር ግን ራጋይ ሁልጊዜ አንድ የሚያውቀውን አድራሻ ያስገባ ነበር፤ ኩዌት ያለውን ወንድሙን ሃኒን ለማሳቅ የሹሙን ንግግር እያስመሰለ የቀዳው ድምፅ ያለበትን። ኮምፒውተሩ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ» እና «ወላሂ የመጨረሻው» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች አሉ። ለድንጋይ ጠራቢው የላከው የሙከራው አድራሻ ያለበትን ሁለተኛውን ነው።

ቅጂው ያለው በሃኒ ገጽ ላይ ነው፤ ሊያጠፋው የሚችለውም ሃኒ ብቻ። ሃኒ ደግሞ ባሕር ላይ በቆመ የነዳጅ ማማ ነው የሚሠራው። ስልኩ እስከ ማታ ዝግ ነው።

ትኬት ቆራጩ ሐምዲ ትዝ አለው። አምና በሹሙ ፎቶግራፍ ላይ ጢም ሥለሃል ተብሎ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ሰባት ወሩ ነው። አምስት ደቂቃው አላለቀም።

ጠራቢው ኡስታ በይዩሚ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ፉል በዳቦ ይበላሉ።

«ምን ሆንክ አንተ ልጅ? መልክህ ሊጥ ይመስላል።»

«ኡስታ፣ ሰሌዳው ስህተት አለበት።»

«እኔ አንዲት ነጥብ አልሳትኩም። ሚስቴ እንኳ ‹ንብ ልታረባበት ነው ወይ› እስክትለኝ ነው የቆፈርኩት።»

«ስህተቱ የኔ ነው።»

በይዩሚ እጃቸውን በጀለቢያቸው ጠርገው ስልካቸውን ከመጋረጃው ስር አስገቡ። ሰሙ። ማላመጣቸውን አቆሙ። ሳቃቸው ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ተመለሰ።

«ቁርጥ ሹሙን» አሉ ቀስ ብለው። «አጥፋው። አሁኑኑ።»

ራጋይ ከሽማግሌው ባልዲ ጀሶ ዝቆ የታችኛውን ጠርዝ ደፈነ። ሞከረው። «እህም...» ጨምሮ ደፈነ። «እህም...» ሶፍትዌሩ ውስጥ ከሁሉ ጠንካራውን ደረጃ የመረጠው እሱ ራሱ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ቢጠፋ እንኳ እንዲነበብ። አርማው ይደግ በተባለ ቁጥር ማጭበርበሩም አርማው ነጥቦቹን እንዳይበላ ጠብቆ ጥንካሬውን ሳይነካ አቆይቶለታል።

«ይሄማ አማቴን ነው» አሉ በይዩሚ። «ብትሸፍናትም ትናገራለች።»

ያኔ ነው ዓይኖቹ ትዝ ያሉት። በኮዱ ሦስት ጥጎች ላይ ያሉት ሦስቱ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች። የሶፍትዌሩ መመሪያ በቀይ ቀለም አስጠንቅቆታል፤ ዓይን ከተነካ ስልክ ኮዱን አያውቀውም። የላይኛውን የግራ ዓይን በጀሶ ሞላ፤ ስልኩን አነጣጠረ። ዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ።

ትንፋሹ ሳያልቅ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ዋጊህ አበባ ታቅፎ ደረሰ። መጋረጃውን ገለጥ አደረገ።

«ምንድነው ይሄ? በምረቃ ቀን እድፍ?» ብሎ መሐረቡን አወጣና እርጥቡን ጀሶ ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። ሦስቱም ዓይኖች ጥርት ብለው አፈጠጡ። «እናንተ ሰዎች፣ እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?» አለና አበባውን ሊደረድር ሄደ።

ከድልድዩ ማዶ ሳይረን ተሰማ።

ራጋይ መጀመሪያ ወደ መንገዱ አየ፤ መሮጥ ይቻላል። ቀጥሎ ወደ በይዩሚ የመሣሪያ ከረጢት። ሽማግሌው ከረጢቱን በእግራቸው ትንሽ ገፋ አድርገው ወደ እሱ አስጠጉለት፣ ፊታቸውን አዞሩ።

መሮና መዶሻ። አንድ ምት። የላይኛው የግራ ዓይን ተፈንክቶ ወደቀ፤ ድምፁ ከሳይረኑ በልጦ ተሰማ።

ዋጊህ እየጮኸ መጥቶ መጋረጃውን ሲጎትት ሻኪር ቤይ ከመኪናቸው ወርደው ነበር፤ በካሜራዎቹ ፊት የመጀመሪያው አንባቢ ሊሆኑ ስልካቸውን እንደያዙ። የተሸረፈውን ድንጋይ አዩ። በራጋይ እጅ ያለውን መሮ አዩ። ሆኖም ስልካቸውን አነጣጠሩ። ስልኩ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ምንም አላለም።

ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ። ራጋይ ‹ሁለተኛዋን ሳል በቅጂዬ ላይ አሳጥሬያታለሁ› ሲል አሰበ።

«ማነው?»

«ጌታዬ፣ መሮው ነው አምልጦ...» ብለው በይዩሚ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ራጋይ።

«ለምን?»

ዋጊህ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን በደግነት ዝቅ አደረገ። «ለአምስት ደቂቃ ነው የምትፈለገው። ምክንያትህን እዚሁ ብትናገር ግን ይቀልልሃል። ምክንያት የለህም?»

ራጋይ መሮውን ገና ባልተመረቀው ወንበር ላይ አስቀመጠ።

«የለኝም አላልኩም» አለ። «አልናገርም።»