አሸዋ ላይ አይቆምም

አሸዋ ላይ አይቆምም። ይህን እንኳን እኔ፣ አሸዋ በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ጎረቤቶቼም ያውቁታል፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲሰብከው ነው የኖረው። እኔ ግን ቆምኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከለስላሳው አሸዋ መሃል፣ ፍሬን ረግጬ ቀጥ አልኩ።

ለምን ቢሉ፣ ልወርድ ነዋ! እኔና ባለቤቴ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ እንጠግን ነበር። ከአሸዋው ማዶ ያሉት መንደሮች ፓምፓቸው እምቢ ሲል የሚጠሩት እኛን ነው። ሥራችን የተከፋፈለ ነበር፤ እሱ መሪ ይይዛል፣ እኔ እወርዳለሁ። መሬቱ ሊከዳን ሲል በተረከዜ እየረገጥኩ መንገድ የምመርጠው እኔ፣ ከተቀበርንም የምቆፍረው እኔ። ዛሬ መሬቱ ከጎማው ስር ሲለሰልስ ተሰማኝና እግሬ ራሱ "ውረጂ" አለኝ። ወረድኩ። መሪ የያዝኩትም እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ተመልሼ ገባሁና ነዳጅ ሰጠሁት። ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ። እዚያ ላይ ብተው ደግ ነበር፤ ይባስ ብዬ ጨመርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ ግን በመልቀምም የሚያልቅ አልሆነም። መኪናው እንደ ደከመ በሬ በሆዱ ተኛ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ "መኪናው ይሸጥ፣ ብቻሽን አሸዋ ላይ እንድትቀሪ አልፈልግም" እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ይህን አንድ ጉዞ ያለማንም እርዳታ ከተወጣሁት መኪናውም ሥራውም የእኔ ነው። ካቃተኝ ቁልፉን አስረክባለሁ።

"የት ደረስሽ?"

"አሸዋው ላይ ነኝ፣ ጋሼ።"

"የሞተር ድምፅ አይሰማኝም። ቆመሻል እንዴ?"

በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ የተቀበረውን ጎማ አየሁ።

"ተቀብረሻል አይደል? ገመድ ይዤ ልምጣልሽ።"

"አይምጡ።"

"ተይ ልጄ፣ እልህ አይበጅም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።"

"ልቆፍር ነው እንጂ ላጨበጭብ አልመጣሁም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው ቆጨኝ። ሰው ላይ ስልክ መዝጋት የባለቤቴ አመል ነበር።

እሳቸው የማያውቁት ነገር አለ። መኪናው ከሄደ እኔ የምቀረው ከቤቱ ጋር ነው። ያንን ቤት ደግሞ አልቻልኩትም። ከበሩ ጀርባ ሁለት መስቀያ አለ፤ የእሱ የሥራ ካፖርት አሁንም አንዱ ላይ ነው። ሌሊት ሳይሆን ቀን ነው የሚብሰኝ። ማድ ቤት ውስጥ ድስት ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ፣ ከሳሎን "ምን ሆንሽ?" የሚለኝ የለም። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጣልኩት። እንዲሁ ልስማው ብዬ።

ስለዚህ አካፋዬን አወጣሁ። ይሄኛው እንኳ የገዛ ሙያዬ ነው። ጎማዎቹን ተራ በተራ አስተነፈስኳቸው፤ አየሩ ጎደል ሲል ጎማው ሰፋ ብሎ ይተኛል፣ አሸዋው ላይም ቶሎ አይሰምጥም። ከዚያ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ ጠረግኩ። ከዚያ በደረቴ ተኝቼ የመኪናውን ሆድ ተሸክሞት የነበረውን ጉብታ አወጣሁ። አንድ አካፋ ሳወጣ ግማሹ ተመልሶ ይንሸራተታል፤ እኔም የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። በመጨረሻ ሁለቱን የብረት ላሜራዎች ከጎማዎቹ ስር ሰክቼ፣ ወደ ኋላ ዞርኩና አቧራው እንዳይመታኝ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። የኋላውን በር በመዳፌ ሁለቴ መታሁት። አንዴ ማለት ቁም፣ ሁለቴ ማለት ሂድ ማለት ነው።

ፈንጠር ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሞተሩ አልተነሳም።

"አንተ! ተኛህ እንዴ?" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ነፋሱ አሸዋውን በላሜራው ላይ ሲያንሿሿ ብቻ ይሰማኛል። እዚያው ከኋላው ጎማ አጠገብ ተቀመጥኩ። በለቅሶው ሰሞን ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ጠጪ፣ ቅመሺ፣ ጋደም በይ ሲሉኝ በወጉ ሳላለቅስ ቀርቼ ነበር። እዚህ ሆዴ እስኪያመኝ አለቀስኩ። በቃሽ የሚለኝ ስለሌለ፣ ሲመሽብኝ ራሴን "በቃሽ" ብዬ ተነሳሁና ጋቢና ገባሁ።

ከባዱን ማርሽ አስገባሁ። "ነዳጁን እንደተኛ ሕፃን ሆድ ንካው" ይል ነበር፤ እንደዚያው ነካሁት። መኪናው ተንቀጠቀጠ። ወይ ፍንክች አለ። ቀጥሎ አፍንጫውን ቀና አደረገና ላሜራውን እያንኳኳ ወጣበት። ከተነሱ ወዲያ መቆም የለም፤ ጠንካራው መሬት ላይ እስክደርስ ትንፋሼን ይዤ ነዳሁ።

እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ጎንበስ ብዬ የተሳፋሪውን በር ከፈትኩ። እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ በሩን ከፍቶ፣ እኔ አካፋና ላሜራ ተሸክሜ በእግሬ እስክደርስ ይጠብቀኛል።

አካፋውና ላሜራዎቹ ለካ ዛሬም ወደ ኋላ ቀርተዋል። ላመጣቸው በጎማው ዱካ ተመለስኩ። ከአሸዋው ውስጥ እየጎተትኳቸው ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"እሺ?" አሉ። "ልውጣ፣ ገመዱ ተጭኗል።"

"ወጥቻለሁ፣ ጋሼ።"

"ማን አወጣሽ?"

"ማንም።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉና "በይ እንግዲህ ቁልፉ ካንቺ ጋር ይሁን፤ ስትደርሺ ብቻ ደውይልኝ" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ሲሉ፣ መድረሻው ላይ የሚቀበለውም የለም ብለው አልነገሩኝም።

ላሜራዎቹን ተሸክሜ ቀና አልኩ። መኪናው ከሩቅ ቆሟል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ በሩ ክፍት ነው። ከዚህ ርቀት መሪ ላይ ያለ ሰው ድሮም አይታየኝም፤ የሚታየኝ የተከፈተው በር ብቻ ነበር። እስክደርስ ድረስ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ቀስ ብዬ ሄድኩ።