ኦናር አይደለም

ኒካሬታ ልጇን ሁለት ዓመት ሙሉ በጀርባዋ ተሸክማለች። ፊልቶ ትኩሳት ከያዛት ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት፣ የአሥር ዓመት ልጅ እንደ አራስ ትታዘል ነበር። በመጨረሻም እናቷ የሁለት ቀን መንገድ አዝላት፣ የፈውስ አምላክ ወደሚሉት ወደ አስክሌጲዮስ መቅደስ ወጣች።

እዚያ ሕሙማን አዳራሹ ውስጥ ይተኛሉ፤ አምላኩ በሕልም ይመጣል፤ የዳነ ሰውም ያየውን በድንጋይ አስቀርጾ ይሄዳል። እናትና ልጅ ሦስት ሌሊት ተኙ። ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ሲያሸልብ፣ ለመሥዋዕት ያመጡት አውራ ዶሮ ገመዱን በጥሶ አመለጠ።

«እማዬ፣ ዶሮው!» አለች ፊልቶ። ብላም ተነሣች። ተነሥታም ሮጠች። የሆነው ነገር ለሁለቱም የገባቸው፣ ዶሮውን በጭራው ጨምድዳ ስትመለስ ነው።

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ሴቶች ግን ሳቁ። «አሸልቦሽ ነው እንጂ እህቴ! አምላኩ በኦናር መጥቶልሽ ነው» አሏት። ኦናር በእነሱ አፍ ሕልም ነው። በእውን፣ በዓይን የታየው ደግሞ ሂፓር ይባላል።

ሴቶቹ ለጨዋታ ያሉት ነገር ፊልቶ ልብ ውስጥ ገባ። ጠዋት ጠዋት እግሯን መሬት ከማስነካቷ በፊት «እማዬ፣ ኦናር ቢሆንስ? ብነቃስ?» ትላለች። ያን ጊዜ መልሳ ትቀመጣለች። በሦስተኛው ጠዋት ጭራሽ አልነሣም አለች።  የሚቀረጽላቸው ድንጋይም ሕልም ነው ካለ፣ ይህች ልጅ እንደተቀመጠች መቅረቷ ነው።

ኒካሬታ መቅደሱ በር ላይ ድንጋይ የሚቀርጸውን ሽማግሌ ትራሶንን «እውን ነው በልልኝ። ሂፓር በል» አለችው።

«ሁሉም በሕልም ነው የሚያየው። አንቺን ምን ለየሽ?»

«እኔ በቁሜ ነው ያየሁት! እስቲ ሁለቱንም ቃል በዚህ የሸክላ ገል ላይ ጫርልኝ።»

«ፊደል አትቆጥሪ፣ ምን ያደርግልሻል? ልትበዪው ነው?»

«አንተ ብቻ ጫርልኝ።»

እየሳቀ ጫረላት፤ ድንጋዩንም እንዳለችው ሊቀርጽ ተስማማ። ድንጋዩ እስኪያልቅ ድረስ ኒካሬታ ገሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አሸዋው ላይ በጣቷ ስትጽፍና ስታጠፋ ከረመች። በእነሱ ፊደል ኦናር ቀለበት በመሰለ ምልክት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሁለት እግርና በመሃሉ የተጋደመ መስመር አለ። ሂፓር ባላ እንጨት በመሰለ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የበር መቃን የመሰለ አለ። ስታቦካ የነበረችውን ሊጥ ትታ ሁሉ ትጽፍ ነበር።

ድንጋዩ በሚቆምበት ቀን ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ እናቷ አዝላ ያመጣቻት ፊልቶም አጥሩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ትራሶን ጨርቁን ገለጠው። ኒካሬታ ቃሏን ፈለገች።

«አባቴ፣ ይሄ ቀለበት እዚህ ምን ይሠራል?»

«የቱ ቀለበት?»

«የእኔ ቃል በባላ ነው የሚጀምረው። አንተ ኦናር ጽፈሃል።»

 ከሴቶቹ አንዷ «ይቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታነበው?» አለች።

ሽማግሌው ድንጋዩን አየ፤ ፊቱ ቀላ። «እጄ ነው ልጄ። አርባ ዓመት ኦናር ሲቀርጽ የኖረ እጅ መቼ ይሰማል! እንግዲህ ሌላ ድንጋይ ነው፤ እሱም እስኪመጣ ወር ይፈጃል።»

ወር! ኒካሬታ ወደ በርጩማው ዞር ብላ ልጇን አየች። ከዚያ ገሉን አወጣችና አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ ገሉን ስታይ ቆየች።

«ለምን ሌላ ድንጋይ? የኋለኞቹ ሁለት ፊደሎች እኮ በሁለቱም ቃል አንድ ናቸው! የፊተኞቹን ሁለቱን ብቻ አስተካክል። ቀለበቱን ፋቀውና ባላ አቁምበት። ሁለተኛውማ ሁለት እግር አለው፤ መሃሉ ላይ የተጋደመውን በኖራ ድፈንና ጣራ ስጠው። በር ሆነ።»

ትራሶን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አርባ ዓመት ስቀርጽ ይሄን የነገረኝ የለም!»

«አንተም ሰው አልጠየቅህማ» አለችው፣ መሮውን እያቀበለችው።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አለቀ። ኒካሬታ ድንጋዩ አጠገብ ቆመች እንጂ ልጇን ልታነሣ አልሄደችም።

«ፊልቶ፣ ነይ ላንብብልሽ።»

«እዚያው ሆነሽ አንብቢልኝ።»

«በጣት ነው የሚነበበው። ነይ።»

ልጅቷ በርጩማዋን ጨብጣ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ደረሰች። ኒካሬታ የልጇን ጣት ይዛ አስዳሰሰቻት።

«ይሄ ባላ ነው። ይሄ በር። ሂ-ፓር። ‹ኒካሬታ ሂፓር አይታ ይህን ድንጋይ አቆመች› ይላል። ቀለበት ታገኚበታለሽ?»

ፊልቶ ደጋግማ ዳሰሰች። «የለም» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «የለም! ኦናር አይልም!»

በማግስቱ ወደ አገራቸው ሲወርዱ የኒካሬታ ጀርባ ባዶ ነበር። መንገዱ ዳር የቆመ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ባየች ቁጥር ግን ትቆማለች።

«ይሄም በር አለው! ይሄን ተመልከቺው፣ ባላ!»

«እማዬ፣ ፍጠኚ እንጂ!» ትላለች ፊልቶ፣ ከታች ከመታጠፊያው ሆና። «ስንት ጊዜ ልጠብቅሽ?»