ከአባባ እረፍት ላይ የተቀነሰው
…ሠላሳ ሁለት፣ ከሠላሳ ሁለት ባር፣ አራት አራት ምት ከሚይዝ ክፍል፣ ወዲያ አንድም አይጨምርም፣ በነፃ የወረደ የኖታ ሶፍትዌር እንዲህ ነው፣ ሲጫኑት መጀመሪያ ክፈሉ የሚል የቁልፍ ምልክት እያሳየ ይግደረደራል፣ ይሄይስ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰድበዋል፣ አንተ ከይሲ፣ ስምንት ባር ብትጨምርልኝ ምን ትሆናለህ። ጁምዓ ነው፣ በዚህ በሰው አገር የእረፍት ቀን፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ኮርኒስ የሚሠራበት ቤት ዛሬ ዝግ ነው፣ የትናንቱ ጂፕሰም ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም፣ ዳሚ ሰፈር የተከራያት ክፍል ቆርቆሮዋ ግሏል፣ እህቱ ትዝታ ደግሞ ከናዝሬት በቪዲዮ ትጠብቃለች፣ ቶሎ በል እንጂ፣ አባባ ሳይተኛብን።

አባባ። ስትሮክ ከመታው አምስት ወሩ፣ አንድ ቃል አልወጣውም፣ ትዝታ እያጎረሰች ታጫውተዋለች፣ እሱ ግድግዳ ያያል፣ ሐኪሙ ድሮ የሚወደውን አሰሙት ብሏል፣ የሚወደው ምን ነበር፣ ማርሽ፣ ትሮምቦን ይነፋበት የነበረው የክፍለ ጦሩ ባንድ ማርሽ፣ ግን ማን ቀድቶት፣ ይሄይስ የሚያውቀው የአባቱን ድርሻ ብቻ ነው፣ ቤት ይዞት የሚመጣው ትሮምቦኑን ነበራ፣ ዜማውማ የክላርኔቶቹ ነው።

አባባ አሥራ ሁለት ባር ይነፋል፣ አሥራ ስድስት ያርፋል፣ እንደገና አሥራ ሁለት ይነፋል፣ አርባ። እረፍቱንም ያጠናው ነበር እኮ! ትሮምቦኑን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በተረከዙ ሲሚንቶውን እየመታ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት ሦስት አራት፣ ልጆቹ ትንፍሽ አይሉም፣ እማዬ ከጓዳ፣ ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ወይ ንፋው ወይ ተወው፣ እሱ እጁን ብቻ ያነሳል፣ ቆይ። አባባ ለምን ዝም ትላለህ ብሎት ነበር ይሄይስ አንድ ቀን፣ ገና ሰባት ዓመቱ ነው፣ አባባ የኖታ ወረቀቱን አሳየው፣ ይኸው፣ ይኼም ተጽፏል። ወይ ያ ቤት፣ የትሮምቦኑ ቅባት ሽታ ሳይቀር ይናፍቃል።

ታዲያ ምን ያድርግ፣ አርባው ሠላሳ ሁለት ውስጥ አይገባ፣ ከሚነፋው ላይ መቁረጥ ደግሞ አንጀቱ አልቻለም፣ ከእረፍቱ ላይ ስምንት ባር ሰረዘ፣ ባዶ አይደል፣ ማን ያውቅበታል። ስልኩን ላፕቶፑ ጎን አቁሞ ቪዲዮውን ከፈተ፣ ማርሹን አስነሳው።

አባባ እንዴት ከስቷል፣ ትሮምቦን ተብዬው የባጃጅ ጡሩንባ ነው የሚመስለው፣ አባባ ግድግዳውን ያያል፣ አሥራ ሁለቱ አለቀ፣ ዝም። ግራ እጁ፣ ትዝታ እጁን እዪው፣ ጣቱ የወንበሩን ክንድ እየመታ ነው፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንቱ እንዳለቀ ትሮምቦኑ ገባ። አባባ ፊቱ ተኮሳተረ፣ እጁን አነሳ፣ ከዚያ ከተጣመመ አፍ፣ ገና ነው!

ተናገረ፣ አባባ ተናገረ ብላ ትዝታ እሪ አለች፣ ይሄይስ ማቆሚያውን ተጫነው፣ እያለቀሰ ይስቃል፣ አፍሯልም፣ ይቅርታ አባባ፣ ቀደምኩብህ፣ ሠላሳ ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው። የአባቱ እጅ ወንበሩ ላይ ተመልሷል፣ ጣቱ ይመታል፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

ዝም በይ ትዝታ፣ እየቆጠረ ነው።