ዛፎቹ ሲጮኹ

ሐናን ኢድሪስ በአስር ዓመቷ ከምትወደው ካምፕ የወጣችው በአባቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ፣ እየጮኸችና እየተራገጠች ነበር። በሃያ ሰባት ዓመቷ ወደዚያው ካምፕ ስትመለስ ደግሞ ያንኑ አባቷን ከጎኗ አስቀምጣ ነው የነዳችው። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት እያለች መንገዱን ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ካለችው ከኮሎምበስ በስተምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት፣ ጫካ የከበበው ሐይቅ አለ። ዳርቻው ላይ የእንጨት ጎጆዎች ተሠርተዋል። ትምህርት ሲዘጋ የከተማ ልጆች ሁለት ሁለት ሳምንት እየከረሙ ይዋኙበታል፣ ታንኳ ይቀዝፉበታል፣ ጭቃው ላይ ይንከባለላሉ። ሐናን በፈረንጆቹ 2004 በትምህርት ቤቷ በኩል ዕድሉን አግኝታ ስትሄድ ከአፓርታማ ግቢ ሌላ የምታውቀው ሜዳ አልነበረም። ገና በገባች በሦስተኛው ቀን ውሃው ላይ በጀርባዋ መንሳፈፍ ቻለች። ያን ቀን ሰማዩን እንዳየችው ሌላ ጊዜ አይታው አታውቅም። እናቷ ያልመረጠችላት፣ ወንድሞቿ ያልነኩባት፣ የራሷ ብቻ የሆነ የመጀመሪያው ነገር ያ ካምፕ ነበር።

ዓመቱ ደግሞ የሲኬዳ ዓመት ሆኖ አረፈው። ሲኬዳ አውራ ጣት የሚያክል፣ ዓይኑ ቀይ፣ ክንፉ መስታወት የመሰለ ፍጥረት ነው። አስራ ሰባት ዓመት ከመሬት በታች ይቀመጥና አንድ ሰሞን ሁሉም በአንድ ላይ አፈሩን ፈንቅሎ ይወጣል። ዛፍ ላይ ይሰፍራል፣ ሲጮህ ይሰነብታል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ ይሞታል። የካምፑ ኃላፊ ሚስ ጆይስ ልጆቹን ሰብስባ ይህን ስታስረዳ፣ ሐናን ያን ሁሉ ዓመት እሷን ሲጠብቁ የኖሩ መሰላት። በአስር ዓመት ልጅ አይፈረድም።

እሑድ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መጡ። ኢድሪስም ሚስቱ ፋንታዬ የቋጠረችውን ሳንቡሳ ይዞ መጣ። የመኪናውን በር ከፈተ፣ ጩኸቱን ሰማ፣ ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። ሳንቡሳው እዚያው መሬት ላይ ቀረ። እሱ ምግብ አዳራሹ ገብቶ ወንበር ላይ ወጣና፣ አንበጣ መጥቷል፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ዛሬውኑ እህል ግዙ ብሎ ባለችው እንግሊዝኛ አወጀ። ፈረንጆቹ ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ኢድሪስ ሐናንን ከመካከላቸው አንስቶ ትከሻው ላይ ጣላትና ወጣ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማታውኑ ኮሎምበስ ላለ የወሎ ሰው ሁሉ ደወለ። የወሎ ሰው ደግሞ አንበጣ ከተባለ ላጣራ አይልም። በማግስቱ ከየሱቁ ዱቄት ሲጫን ዋለ፤ እነሐናን ቤት መታጠቢያ ገንዳው ሳይቀር ዱቄት ተደረደረበት። ሲኬዳዎቹ ግን ሰኔ ሳያልቅ ሞተው አለቁ። የኦሃዮ በቆሎም እንደ ወትሮው ሞልቶ ተረፈ። ኢድሪስን ከመስጊድ ሲወጣ "ኢድሪስ ዱቄቱ" የሚል ስም ይከተለው ጀመር። ቤት ውስጥ የካምፕ ወሬ የማይነሳ ሆነ። ሐናንም ወደዚያ ሳትመለስ በዚያው ቀረች።

ካምፑ በኮቪድ ምክንያት አንድ ዓመት ተዘግቶ በ2021 ሲከፈት፣ ሚስ ጆይስ የድሮ ልጆቿን ለአንድ ቀን ጠራች። ዓመቱ ሲኬዳዎቹ የሚመለሱበት ነው። ሐናን ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ሰው ለምና፣ ተራዋን ለውጣ አንድ ቅዳሜ አገኘች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያን ቀን፣ ማንም እጇን ሳይጎትታት፣ እዚያ ውላ ማምሸት። ይህን ለእናቷ በስልክ ነገረቻት። ኢድሪስ ከጀርባ ሰምቶ ስልኩን ተቀበለ።

"እኔም እሄዳለሁ።"

"አባዬ፣ እነሱ እኮ እዚያ ናቸው። በሚሊዮን ነው የወጡት።"

"አውቃለሁ። በዜና አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ?"

"ላያቸው ነዋ።"

እምቢ ልትለው ነበር። ግን ባለፈው መከር ባቲ አካባቢ ያለው ወንድሙ የላከለትን ቪዲዮ ታውቃለች። ሰማዩ ቢጫ ሆኖ፣ ማሽላው ባዶ አገዳው ቀርቶ፣ አንድ ሽማግሌ ቆርቆሮ እየደበደበ ማሳው መካከል ሲሮጥ ያሳያል። ኢድሪስ ይህን ቪዲዮ ከቁርሱ በፊትም ከሰላቱ በኋላም ሲከፍተው ከርሟል። አንጀቷ አልቻለም።

"አንድ ነገር ፕሮሚስ አድርግልኝ" አለችው ወላጆቿ ካሉበት ከካናል ዊንቸስተር ወጥተው ሃይዌይ ላይ ሲገቡ። "ወንበር ላይ አትወጣም።"

"አሁንማ ጉልበቴስ መች ያወጣኛል" አለ ኢድሪስ። ቀልዱ እዚያው አለቀ።

ድምፁ ከካምፑ ቀድሞ ደረሰ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ኤሲው እየሠራ፣ ትንፋሽ መውሰጃ የሌለው አንድ ረጅም ጩኸት መኪናውን ሞላው። ሐናን ፓርክ አድርጋ ወረደች። የልጅነት ቦታ ሲመለሱበት ያንሳል ይባላል። ይሄ የሚያንስ ዓይነት አልነበረም። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ዛፎቹ ጭራሽ ገዝፈዋል፣ ጩኸቱ በጆሮዋ ሳይሆን በደረቷ ነው የገባው። አጠገቧ ያለውን ግንድ ስታየው ይንቀሳቀሳል። ቅርፊት የመሰላት ሁሉ ነፍስ ያለው ነው። የጣሉት ቆዳ ከጫማዋ ስር ይንኮሻኮሻል።

እነዚህ በልጅነቷ የጮኹት ሲኬዳዎች ከጣሏቸው እንቁላሎች የተፈለፈሉ መሆናቸው ትዝ አላት። እሷ በአባቷ ትከሻ ከወጣች ጀምሮ እነሱ እዚህ ጨለማ ውስጥ ነበሩ። እሷ ተምራለች፣ መኪና ነድታለች፣ አፍቅራ ተጣልታለች፣ በጭንብል ታፍና ስንት ቀን ለበሽተኛ መድኃኒት አድላለች። እነሱ ጠበቁ። ጊዜው ደረሰ ብሎ የነገራቸው ማነው? በልቧ ይዛው የኖረችው ትዝታ የዚህን ሩብ አይሆንም። እንባዋ መጣ። መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ማፈሩን ተወችው።

ዞር ስትል ኢድሪስ አልወረደም። ቀበቶውን እንኳ አልፈታም። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ የፊት መስታወቱ ላይ ካረፈ አንድ ሲኬዳ ጋር ተፋጧል። ከንፈሩ ነጥቷል። ወዲያ ማዶ የድሮ ልጆች እየተሳሳቁ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ አንዷ ሐናንን አውቃ እጇን አውለበለበች። ሐናን ሐይቁን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ በሩን ከፈተችለት።

"አባዬ፣ ልመልስህ? ግድ የለም። ወላሂ ግድ የለም።"

ግድ ነበራት። እሱም ያውቃል። ቀበቶውን ፈታ።

ከመኪናው ወርዶ ቅርብ ወዳለው ዛፍ ሄደ። አንድ ቅርንጫፍ ዘንበል ሲያደርግ ሲኬዳዎቹ ብድግ ብለው ትከሻው ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ቆቡ ላይ ሰፈሩበት። እሱ ግን አላራገፋቸውም። ቅጠሉን በጣቱ ገለበጠ። ሌላም ገለበጠ። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደ። ከዚያ የካምፑ ልጆች ምግብ አዳራሹ ጥግ የተከሉት በቆሎ ዘንድ ደርሶ አጎነበሰ። ሐናን ኋላ ኋላው ተከተለች።

"ምን ጠፍቶብህ ነው?"

"የተበላ።"

አላገኘም። ጩኸቱ ስለበረታ ሲናገር አፉን ጆሮዋ ላይ ማስጠጋት ነበረበት።

"የኛው አንበጣ እንዲህ አይጮህም። ዝም ብሎ ነው የሚወርደው፤ የሚሰማሽ ሲበላ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። እኔ ቆርቆሮ፣ ሰዓዳ ጣሳ ይዘን ስንደበድብ ዋልን። እጇ ደምቶ ነበር። ሲነሳ ማሳው ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም።"

"ሰዓዳ ማናት?"

"ታናሼ። አክስትሽ። ዓመቱን አልጨረሰችም።"

ሐናን ሰዓዳ የምትባል አክስት እንደነበረቻት ሰምታ አታውቅም።

"ያን ለት እዚህ ስመጣ አንቺ ከልጆቹ መሃል ቁጭ ብለሽ ትስቂያለሽ" አለ ኢድሪስ። "ሌላ ሰው አልታየኝም። ይሳቁ አልኩ። ልጄን ይዣለሁ አልኩ።"

ይህን ሁሉ ዓመት ሐናን አባቷ ከነፍሳት የሸሸ ሰው ነው ብላ አፍራበት ኖራለች። አሁን ያ ትከሻ ታወሳት፤ እሷ ስትራገጥ እንዴት አጥብቆ እንደያዛት፣ ሸሚዙ በላብ እንዴት እንደራሰ። ይቅር በለኝ ልትለው አፏን ከፈተች።

እሱ ግን ከእሷ ጋር አልነበረም። ቆቡን አውልቆ ወደ ላይ ያያል። አንዷ ሲኬዳ በግንባሩ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ከበላዩ ቅርንጫፉ ሁሉ ይጮሃል፣ ቅጠሉም ሁሉ በቦታው አለ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፀሐይ የማያሳልፍ አረንጓዴ።

"አጃኢብ" አለ መጀመሪያ፣ ለራሱ።

ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። ለሐናን አልነበረም የሚናገረው።

"ያ ረቢ፣ ሳይበላ የሚሄድም ነበረህ?"