የኒዕማ ተራ

«ሉጥፊያ ወንድሜን እህል ትነፍገዋለች።»

ኒዕማ ይህን ያልነገረችው ሐበሻ ካርቱም ውስጥ የለም። ለቅሶ ቤት ትለዋለች፣ ሰርግ ቤት ትለዋለች፣ ስልክ ላይ ሰላምታው ሳያልቅ ትለዋለች። ወሬው ኒዕማ ካለችበት ከካፉሪ ሰፈር ድልድይ ተሻግሮ እነሉጥፊያ ሰፈር ካላክላ ሲደርስ ሥጋና ጅማት አብቅሎ፣ ሉጥፊያ ባሏን አስርባ በር ቆልፋበት ገበያ የምትውል ሆና አረፈች።

የሉጥፊያ ባል ኑርሁሴን ግማሽ አካሉ በድን ከሆነ ቆይቷል። ሉጥፊያ በስድሳ ዓመቷ ያን የግንድ ያህል የሚከብድ ሰው ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፤ ጠጣር ነገር ስለሚያንቀው አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ወገቧ ተቆርጧል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስታለች። እህትየው ኒዕማ ግን ተቀጥራ የምትሠራላቸው ጌቶቿ ግብፅ ሄደውላት፣ በሰው ቪላ፣ በሰው ሶፋ ተንጋላ ምላሷን ትስላለች። አንድ ቀን መጥታ ትራሱን አላቃናችለትም።

በረመዳን አንዲት ጎረቤት ብቅ አለችና የአጥሚቱን ድስት ገልጣ አየች።

«ወላሂ! ለእሱም ትሠሪለታለሽ እንዴ?»

ሉጥፊያ ማንኪያውን አስቀመጠች። ወዲያው ወጥታ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ መኪና ተኮናተረች፤ ባሏንም ከነፍራሹ አስጫነች።

«ወዴት ነው?» አለ ኑርሁሴን በተኮላተፈ አፉ።

«እህል ወዳለበት!»

«ደግ አደረግሽ» አለና በደህናው ጉንጩ ፈገግ አለ። ይሄ ይባስ አንገበገባት።

ኒዕማ በሩን ስትከፍት ፍራሹ ደጃፏ ላይ ነበር።

«እትዬ! ምነው ሳትደውዪ?»

«ያንቺ ስልክ እኔን ከማማት መቼ አርፎ! ያላ በይ፣ ወንድምሽን አብዪው።»

«ምን ይበላል? ስንቴ ይገላበጣል?»

«ስለ ሆዱ አገር ምድሩን ያስተማርሽ አንቺ አይደለሽ? እኔን ትጠይቂያለሽ?»

«ያንቀዋል» የምትለው ቃል ሉጥፊያ ምላስ ጫፍ ደርሳ ነበር። ዋጠቻት። ሳምንት ትቅመሰውና እመጣለሁ፣ አለች በልቧ። ቤቷ ገብታም እንደ ድንጋይ ተኛች። እሰይ!

ሳምንቱ ሳይሞላ ቅዳሜ ጠዋት ጦርነት ፈንድቶ ከተማው በጥይት ታመሰ። ድልድዩ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ሉጥፊያ ወደ ወንዙ ልትሄድ ሁለቴ ተነስታ ሁለቴም ተኩስ መለሳት።

የስልኩ መስመር የተመለሰው ክረምት ሲገባ ነው። ኒዕማ ስትደውል እያለቀሰች ነበር፤ ኑርሁሴን ሞቶ እዚያው ቪላው ግቢ ተቀብሯል።

«አስርበሽ ገደልሽው!» ጮኸች ሉጥፊያ። «አሁን የእኔ ተራ ነው! ለቅሶ ቤት እለዋለሁ፣ ሰርግ ቤት እለዋለሁ!»

«በይው፣ እትዬ። ግን ያንን ወሬ እኔ አልፈጠርኩትም። ‹እህል ትነፍገኛለች› ብሎ የደወለልኝ ራሱ ነው። ሊሞት ሲል ነው እውነቱን የነገረኝ፤ ‹እንዲያ ካላልኩሽ መጥተሽ አትወስጂኝም፣ ሉጥፊያም እንቅልፍ አታገኝም ብዬ ነው› አለኝ።»