የተጠገነው እጀታ

ኦሪን ፌልፕስ የአበባ ማስቀመጫውን ሲያየው የመጣበትን ጉዳይ ረሳው። ወንዝ ማዶ ባለችው ከተማ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው የአሮጌ ዕቃ መደብር የገባው ለሣር ማጨጃው ጎማ ሊፈልግ ነበር። ማስቀመጫው ገመዱ ከተቆረጠ የዳቦ መጥበሻና ማንኪያ ከታጨቀበት ቆርቆሮ መሃል ቆሟል። መልኩ ቡናማ ነው፤ ወደ አንገቱ ሲወጣ እንደ ማር ይነጣል። ሆዱ ላይ ሦስት ቢጫ አበቦች ተሥለውበታል፤ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ አለው።

በእነ ኦሪን ከተማ እንዲህ ያለ ዕቃ ብርቅ አይደለም። የዌክስል ሸክላ ፋብሪካ ያንን ሁሉ ዘመን ሕዝቡን ሲያበላ ኖሮ ሲዘጋ፣ በየቤቱ ቢያንስ አንድ ማስቀመጫ ጥሎ ነው የሄደው። ጃንጥላ የሚቆምበት አለ፤ በር የሚደገፍበት አለ፤ የዶሮ መኖ የሚሰፈርበትም አይጠፋም። ስለዚህ ኦሪን በዓይኑ አላመነም። እጁን ሰደድ አድርጎ የግራውን እጀታ ከሥሩ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሻከረው።

የዚያን እጀታ ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ገና ልጅ ሳለ ቤት ውስጥ ኳስ ወርውሮ የሰበረው እሱ ነው። እናቱ ከገበያ ሳትመለስ አባቱ በሙጫ አጣበቀውና ስንጥቁን በቡናማ የጫማ ቀለም ሸፈነው። እናቱ ኦፓል የዚያኑ ዕለት ማታ አይታዋለች፤ አየሁ ግን አላለችም። እሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ ብቻ ጫማዋን ለባሏ አቀብላ፣ «እንግዲህ እጅህ ቀለም ውስጥ ከገባ አይቀር ይሄንንም አሳምርልኝ» አለችው። ይህን ሁሉ ቆማ ያየች ታላቅ እህቱ ሉዌላ ናት፤ ማን እንደሰበረው ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አሁን ግን ሉዌላና ኦሪን ሆድና ጀርባ ናቸው። ከተኳረፉ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ያጣላቸውም ይኸው ማስቀመጫ ነው።

አበቦቹን የሣለቻቸው የእናታቸው እናት ቲያ ናት፤ ጉብል ሳለች በፋብሪካው የሥዕል ክፍል ትሠራ ነበር። ኦፓል ማስቀመጫውን በሰርጓ ቀን ከእናቷ ተቀብላ፣ «ይሄ አንድ ቀን ቤት ይገዛል» እያለች ዕድሜ ልኳን መስኮት ላይ አኖረችው። እሷ የሞተች ሰሞን ማስቀመጫው ከመስኮቱ ጠፋ። ኦሪን አላገባም፤ ከእናቱ ጋር የኖረው፣ በመጨረሻም ያስታመማት እሱ ነው። ከቀብሩ በኋላ ከቤቱ የወጣ ሌላ ሰው ሉዌላ ብቻ ናት፤ ባል አግብታ ወንዝ ማዶ ነበር የምትኖረው። ደወለላትና «ስንት ሸጥሽው?» አላት። እሷም ስልኩን ዘጋችበት። ያ ዝምታ ለኦሪን ከበቂ በላይ ማስረጃ ሆነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሰው፤ የጠረጠረውም እንደሚመነጠር ማንም አይጨምርበትም።

እና ይኸው፣ ማስቀመጫው በሉዌላ ከተማ፣ ከቤቷ ብዙ ሳይርቅ ተገኘ።

«ይሄን ማን አመጣልሽ?» አላት ባለ መደብሯን ግሌንዳን።

«ሳጥን ውስጥ ነው የመጣው።»

«ሳጥኑንስ?»

«እዚህ ቤት ሰው ዕቃ አያመጣም አባቴ፤ ጥሎብኝ ነው የሚሄደው። ከእነዚያ ስኒዎች ጋር ነበር። እነሱንም አብረው ይውሰዱና ይገላግሉኝ።» በአገጯ ያመለከተቻቸው አፋቸው ዙሪያ አረንጓዴ መስመር ያለባቸው ነጭ ወፋፍራም ስኒዎች ነበሩ። ኦሪን ስኒ አላሻውም። አሥራ ሁለት ዶላር ከፈለና ማስቀመጫውን ካፖርቱ ውስጥ ጠቅልሎ ወጣ።

ድልድዩን ሲሻገር ደስ ብሎት ነበር። ሐቁ ይነገር ከተባለ፣ ደስ ያለው የእናቱን ዕቃ በማግኘቱ አይደለም። ትክክል በመሆኑ ነው። ያን ሁሉ የገና በዓል ብቻውን የበላው፣ የእህቱን ልጆች ሰርግ ያልሄደው በከንቱ እንዳልነበረ ሊረጋገጥለት ነው። የቀረው ዋጋውን የሚነግረውና ማን እንደሸጠው የሚያውቅለት ሰው ብቻ ነው። ያኔ ሉዌላ ፊት ይቆምና ይነግራታል፤ ምን እንደምትል ያያል።

ቅዳሜ ጧት ዕቃውን ይዞ ወደ ሚስ ዶርካስ ክላይን ሄደ። ሚስ ክላይን የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በድሮው የፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ሰው የሚያመጣላቸውን የዌክስል ዕቃ በነፃ ያያሉ። እንደሚሉት ከሆነ የሚያዩት ለሰው ብለው አይደለም፤ ቤት ከሚቀመጡ ድመታቸው ጋር ስለሚጣሉ ነው።

«ኦሪን ፌልፕስ» አሉት። «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሰብረህ መጣህ?»

«ምንም አልሰበርኩም፣ ሚስ ክላይን። ዋጋውን ይንገሩኝ ብዬ ነው።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ማስቀመጫውን ወዲያው ገለበጡት። «ፊቱን ተወው። ፊቱ የሚያወራው ለገዢ ነው። ዕቃ እውነቱን የሚናገረው በቂጡ ነው።» ከሥሩ ያለውን ማኅተም በጣታቸው ተከተሉት፤ የቅርጹን ቁጥር አነበቡ፤ ከዚያ ጠርዙ ጋ በእርጥብ ጭቃ ላይ የተጫረች ትንሽ የወፍ እግር የመሰለች ምልክት ላይ ቆሙ። «ይቺ ያያትህ የቲያ ናት። ሠዓሊዎቹ ሁሉ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። አበባዎቹንም እያቸው፤ ሁለቱ ወደ ሰው ያያሉ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ጀርባውን ይሰጣል። ሌላ ሠዓሊ እንዲህ አያደርግም ነበር።»

«ውድ ነው ማለት ነዋ?»

«ነበር። ሰው እንደ እብድ ይሰበስብ በነበረበት ጊዜ ስድስት መቶ ዶላር ያወጣልህ ነበር። ያሁን ልጆች ቡናማ ነገር ቤታቸው አያስገቡም። ዛሬ መቶ ሰማንያ በለው።» ግራውን እጀታ በጥፍራቸው ቧጠጥ አደረጉና ጥፍራቸውን አሸተቱ። ከዚያ ኦሪንን ቀና ብለው አዩት። «በጫማ ቀለም የተጠገነ ከሆነ ደግሞ ሰባ።»

ሰባ ዶላር። ኦሪን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ቤት ይገዛል የተባለለት ዕቃ አንድ ጥንድ ደህና ጫማ አይገዛም። ሆኖም የመጣበት ዋናው ነገር ይህ አልነበረምና ጠየቀ፤ «ማን እንደሸጠው ማወቅ ይቻላል? ማለቴ፣ በስንት ነጋዴ እጅ እንዳለፈ።»

«ነጋዴ እጅ ገብቶ አያውቅም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ና እየው።» ማኅተሙን ግማሽ በግማሽ የሸፈነ፣ አቧራ የጠጣ አራት ማዕዘን የሙጫ ርዝራዥ አሳዩት። «ማንኛውም ነጋዴ መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄን ሙጫ በምግብ ዘይት አርሶ ማንሣት ነው፤ ማኅተሙ ካልታየ ማን ይገዛዋል? የወረቀት ፕላስተር ነው የነበረበት። እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ ከተማ ሰው መቼ ነው የዕቃው ቂጥ ላይ ፕላስተር የሚለጥፈው?»

ኦሪን መልሱን ያውቀዋል። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ቤቱ ለሚቀር ዕቃ ማንም ስሙን አይለጥፍም። ፕላስተር የሚለጠፈው ዕቃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲሄድ ነው፤ ሰው ሲሞት። ጎረቤቱ ሁሉ ድንች በአይብ ጋግሮ፣ የአሳማ ሥጋ ቆራርጦ፣ አበባ ይዞ ይመጣል፤ ሳህን ከሳህን እንዳይቀያየር ከሥሩ ስም ይለጠፋል። ሐዘንተኛ ወጥ ቤት አይገባም፤ ቢገባም በትከሻው ይዘው ያስወጡታል። ሴቶቹ ዕቃውን አጥበው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩታል፤ የየቤቱ ሴት መጥታ የራሷን ታነሣለች። የኦሪን ቤት ደግሞ ሴት የለም። አንድ የነበረችው ያን ቀን ተቀበረች።

አሁን ትዝ አለው። የግንቦት ሐምራዊ አበባ ሽታ። ከእናቱ የሬሳ ሣጥን አጠገብ የሆነ ነገር በአበባ ሞልቶ ቆሞ ነበር፤ በምን እንደተቀመጠ ግን ያን ቀን ዓይኑ ምንም አላየም። ከዚያ አረንጓዴ አፍ ያላቸው ስኒዎች መጡበት። የት እንዳያቸው አወቀ። እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቡና የጠጣባቸው ስኒዎች ናቸው፤ ባለፈው መከር የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ሲቀየር ከአሮጌው ኮተት ጋር በሳጥን ተጭነው የወጡት።

«ከአናቴ በላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ሁሉ ዓመት ቡናዬን ስጠጣ ከአናቴ በላይ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር።»

ሚስ ክላይን የከተማውን ወሬ የማያውቁ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውርደው ማስቀመጫውን ወደሱ ገፋ አደረጉለት። «ሙጫውን እንዳታነሣው» አሉት። «እህትህ ሳታየው።»

ኦሪን እንደገና ድልድዩን ተሻገረ። በዚህኛው ጊዜ ደስታው የለም። ዕቃው አጠገቡ፣ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ መኪናውን አቁሞ ሊመለስ አሰበ፤ ሌባ ያላትን እህቱን ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም። አፍሯል። ከማፈሩም በላይ ፈርቷል፤ በሩን ብትዘጋበት መብቷ ነው።

ሉዌላ በሩን ከፍታ፣ መጥረጊያ ጨርቅ እንደያዘች ከላይ እስከ ታች አየችው። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። እሱ ሳያየው ነው የነጣው።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም አልሞተም፣ ሉ።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

ካፖርቱን ገለጠላት። ሉዌላ ማስቀመጫውን አየች፤ ፊቷ ግን እሱ እንደጠበቀው አልደነገጠም። ቆጣ አለ።

«አመጣኸው በመጨረሻ?» አለች። «ደብቀኸው ኖረህ ኖረህ?»

«እኔ? እኔ ደብቄው?»

«አንተ ነሃ! ቤትህ አስቀምጠህ እኔን ሌባ አልከኝ። ቤቱን ለብቻው ሊወርስ ጠብ ፈለገ ብዬ ትቼልህ ተቀመጥኩ።»

«ሉ፣ እኔ ይሄን ዕቃ ከቀብሩ በኋላ ያየሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከግሌንዳ መደብር በአሥራ ሁለት ዶላር ገዛሁት።» ከዚያ ደጃፏ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ስኒዎቹ፣ ስለ ቁም ሣጥኑ። ገልብጦም ሙጫውን አሳያት።

ሉዌላ ጣቷን ሙጫው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «የቀብሩ ቀን ጧት። ከእማዬ ጓሮ አበባውን ቆርጬ፣ በዚህ አድርጌ ለሴቶቹ ሰጠኋቸው።»

«ገብቶኛል። ስምሽን ጽፈሽ ለጠፍሽ፤ ሲያጥቡት ውሃው አስለቀቀው። ባለቤቱ ስላልታወቀ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡት። የማንም ጥፋት አልነበረም።»

«ስሜን አይደለም የጻፍኩት።»

ኦሪን ቀና ብሎ አያት።

«ያንተን ነው የጻፍኩት» አለች ሉዌላ። «ያጠብካት አንተ፣ ያጎረስካት አንተ። እኔ በሳምንት አንድ ቀን መጥቼ የምሄድ ነበርኩ። ላንተ ይገባሃል ብዬ፣ ስምህን በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩት፤ ቤትህ ድረስ ያመጡልሃል ብዬ። ከዚያ ደወልክና "ስንት ሸጥሽው?" አልከኝ። በስሙ የሰጠሁት ሰው እንዲህ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

ኦሪን ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። ሉዌላም ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከበሩ ዘወር አለችለት፤ ገባ።

ወጥ ቤት ተቀመጡ። ዕቃው በመሃላቸው ጠረጴዛው ላይ ቆመ፤ ጀርባውን የሚሰጠው አበባ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«ለመሆኑ ቤት ይገዛል ወይ?» አለች ሉዌላ።

«ሰባ ዶላር ነው የተባለው።»

«ሰባ ብቻ?»

«የጫማ ቀለሙ አወረደው።»

«አባዬን አትውቀሰው። ኳሱን የወረወርከው አንተ ነህ» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከንፈሯ ፈገግ ሊል ቃጣው።

«ፕላስተር አለሽ?» አላት።

ከመሳቢያዋ አውጥታ፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳትጠይቅ ከብዕር ጋር ሰጠችው። ኦሪን ቁራጭ ቆረጠና «ሉዌላ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ማስቀመጫውን ገልብጦ አሮጌው ሙጫ ላይ ለጠፈው፤ በአውራ ጣቱም ደጋግሞ ተጫነው። ከዚያ መልሶ አቆመና ወደ እሷ ገፋው።

ሉዌላ ዕቃውን አየችው፣ እሱን አየችው።

«ይሄም እኮ ውሃ ሲነካው ይለቃል» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ኦሪን። «እየመጣሁ አየዋለሁ።»