በቀኝ ጆሮው በኩል

ቆርቆሮ ሠሪው ከሞተ ወዲህ መንገዱ ጭር አለ። ዝም ያለው መዶሻው ብቻ አይደለም። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሲቀጠቅጥ ኖሮ ግራ ጆሮው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ ቀኙም ቢሆን ካልጮኹበት አይሰማም። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚነገር ሁሉ በጩኸት ነበር። ጨው አቀብለኝ በጩኸት፣ ደኅና እደር በጩኸት። ምሥጢር የሚባል ነገር ደጃፋቸውን ረግጦ አያውቅም። ወንድ ልጁ በጉብዝናው ጊዜ አንዲት ልጅ ወድጃለሁ ብሎ ለአባቱ የነገረ ዕለት፣ ልጅቷ ሳትሰማ መንደሩ ሰማ።

ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራ አንድ አናጢ አለ። አፉ አያርፍም። ልጁ በጮኸ ቁጥር መጋዙን ያቆምና፣ «እኛ ሰምተናል! እሱስ?» ይላል። ልጁ ይስቃል። አባት «ምን ያስቅሃል?» ሲል ልጁ ጮኾ ይነግረዋል፣ አናጢውም መልሶ፣ «ሰምተናል! እሱስ?» እንዲህ ሲባባሉ ሦስቱም አረጁ።

ልጁ አሁን ልጅ አይደለም፤ ጠጉሩ ሸብቷል። ያቺ ልጅ ሌላ አገባች፣ እሱ በዚያው ቀረ። ከአባቱ ጋር ሠራ፣ ከአባቱ ጋር በላ። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ሁልጊዜ በአባቱ ቀኝ ነው። መንገድ ሲሄድም በቀኝ። ዛሬ ብቻውን ሲሄድ እንኳ ሰውነቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ትከሻው ግድግዳ ይታከካል። በግራው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ባዶውን አብሮት ይሄዳል።

ከቀብሩ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ ወዲያ፣ ታላቅ እህቱ የሱቁን ቁልፍ ልትወስድ መጣች። አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ተከራይ አግኝቻለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ማንን?» ብሎ ጮኸ።

«ሞባይል የሚጠግን ነው! ጨዋ ሰው!»

ከዚያ ተያዩ። በቤቱ ውስጥ ጆሮው የሚከብድ ሰው አልነበረም። ደግሞም ሁለቱ የአግዳሚው ቀኝ ጫፍ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ የቀረው ሰፊ ቦታ ባዶ ነው። እህት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለማን ነው የምንጮኸው?» አለች ዝግ ብላ።

ቀና ብሎ አያት። ድምፅዋ እንዲህ ቀጭን መሆኑን እስከዛሬ አያውቅም ነበር።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለች።

«ተዪው እትዬ። እኔ እሠራበታለሁ።»

«ምን ልትሠራ? ሰው እኮ የሚገዛው የፕላስቲክ ባልዲ ነው።»

«አሸንዳ አለ። የጭስ ማውጫ አለ።»

«ወገብህስ? ትናንት ከዚህች አግዳሚ ለመነሣት ስታቃስት አይቼሃለሁ። እኔ ጋ ና፤ ክፍሉ ባዶ ነው። እዚህ ከግድግዳ ጋር ልታወራ ነው?»

«አባዬ ጠይቆኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሱቁን ትዘጋዋለህ ወይ?› ብሎ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

አንገቱን ደፋ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የማይሰማ ሰው የራሱን ድምፅ ልክ አያውቅምና፣ አባት ሆስፒታል ተኝቶ ያንን ሲጠይቅ በየአልጋው ያለው በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። «ኧረ መልስለት!» አለ አንዱ፣ እግሩ የታሰረ። ልጁ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ነርሷ መጣች። «እዚህ ጩኸት የለም፤ ሰው ታሟል» አለችው። አፉን ዘጋ። ነገ እነግረዋለሁ አለ በልቡ።

በማግሥቱ ሲመጣ አባት በጎኑ ተኝቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ልጁ ወንበር ሳበ። ነርሷን ፈራ፤ ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን ጆሮው ላይ አስጠጋና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን በሹክሹክታ አናገረው። «አልዘጋውም አባዬ። እዚያው ነኝ።» ሌላም ሌላም ነገር አለው፤ በጩኸት የማይባል ነገር። ቀለል ብሎት ወጣ። አባት በዚያው ቀን ዐረፈ።

ከቀብር መልስ አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ጫፍ ፈቀቅ ሲል፣ ነገሩ ድንገት መጣበት። ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እህል አልጣፈጠውም።

«በግራው ነገርኩት» አላት ለእህቱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ማለትህ ነው ይል ነበር። እህት ግን ወዲያው ገባት። ፊቷ ተለወጠ።

«በቀኙ ነበር ያስተኙት?»

«በቀኙ። ደህነኛው ጆሮ ትራሱ ውስጥ።»

«እንዴት አንተ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አፍህን አይቶ ይሆናል» አለች።

«ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አልኩሽ።»

 ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ጭንቅላቱን እንደ ሕፃን ዳሰስ አደረገችውና ወጣች። ቁልፉን አልወሰደችም።

በበነጋው ጠዋት ሱቁን ከፈተው። ውስጡ ቀዝቅዟል። የአባቱ ሽርጥ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሆዱ ጋ እንደጎበጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሸንዳ ጫፉ ሳይዘጋ ተጋድሟል፤ የአባቱ የመጨረሻ ሥራ። ልጁ መዶሻውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ከወዲያ የአናጢው መጋዝ ይሰማል።

ከሁለቱ በርጩማዎች በቀኙ ላይ ተቀመጠ። ወደ ግራው ዞረ። መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው ያየኝ ይሆን ብሎ አፍሮ ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ የዱሮውን ያህል፣ የቻለውን ያህል ጮኸ።

«አባዬ! ሱቁን አልዘጋውም!»

የተደረደሩት ቆርቆሮዎች ድምፁን ተቀባበሉት።

መጋዙ ቆመ።

ልጁ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አቀና። አናጢው ጥቂት ሳል አለ።

«ሰምተናል» አለ።

ሌላው አልተከተለም። ልጁ ቀሪዋን ቃል ሲጠብቅ ቆየ፤ አልመጣችም። ከግድግዳው ወዲያ እንጨት የሚነካ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ መጋዙ ቀስ ብሎ፣ የሚያፍር ይመስል፣ ሥራውን ጀመረ።

ልጁ አሸንዳውን ወደ ራሱ ሳበና ክፍቱን ጫፍ መቀጥቀጥ ያዘ።